አዲስ ኩክሪ እንዴት ይፈተናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን! ከቦጅፑር፣ ኔፓል የተሠራ ኩክሪ (ወደ ፊት የጎበጠ ትልቅ የኔፓል ቢላዋ) ደርሶኛል። ጀርባው ወፍራም፣ እጀታው የጎሽ ቀንድ ነው። ሞረድ ሳስነካው ሆዱ (ሰፊው የስለቱ ክፍል) አካባቢ ስለቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ወደ እጀታው ሲጠጋ ግን ይነክሳል። ጉድለት ነው እንዴ?

መልስ፦ በጭራሽ፣ ደስ ይበልህ! የኔፓል አንጥረኞች ብረቱን አግለው በማንቆርቆሪያ ውሃ የሚያፈሱት ስለቱ ላይ፣ በተለይም ሆዱ አካባቢ ነው። የሚቆርጠው ክፍል ይጠነክራል፣ ጀርባው ለስለስ ብሎ ምቱን ይችላል። እኔ አዲስ ኩክሪ ሳገኝ መጀመሪያ ለስላሳ እንጨት እቆርጥበታለሁ። ከዚያ ስለቱን ብርሃን ላይ አየዋለሁ። ካልታጠፈና ካልተሸረፈ ወደ ደረቅ እንጨት እሄዳለሁ። እጀታው ከተነቃነቀ ግን ወዲያው አቁም። አደራ!

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ። ብዙዎቹ ከመኪና ባሌስትራ ስለሚሠሩ ብረታቸው ጠንካራ ነው፣ ግን ይዝጋል። ከሥራ በኋላ አድርቀህ ዘይት ቀባው። ቀንዱንም አትርሳ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ከሆነ ከአፎቱ አውጣው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ስትመዘው ደግሞ ጣትህ በስለቱ በኩል እንዳይሆን፤ አፎቱን ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! አብረው ከመጡት ሁለት ትንንሽ ቢላዎች አንዷ ስለት የላትም። ለምንድን ናት?

መልስ፦ ቻክማክ ትባላለች። ስለቱ ትንሽ ሲታጠፍ በእሷ እየገፋህ ታቃናዋለህ። ካርዳ የምትባለው ሌላዋ ለጥቃቅን ሥራ ናት።