የቴራፒስትን የሙያ ታሪክ እንዴት ማንበብ ይገባል?

ጥያቄ

ለዓመታት አብሮኝ የቆየ ጭንቀት ስላለብኝ ሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ለመጀመር ወስኛለሁ። አንዲት ባለሙያ ስለ ራሳቸው በጻፉት መግለጫ ላይ ሥልጠናቸውን በሳይኮአናሊሲስ (ያለፈ ሕይወትንና ሰው ራሱ የማያስተውለውን ስሜት በሚመረምረው ሕክምና) ጀምረው በኋላ ወደ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ባህሪን በመለወጥ ላይ ወደሚያተኩረው ሕክምና) እንደ ተሸጋገሩ፣ አሁን ግን ሁለቱን አዋሕደው እንደሚሠሩ ይገልጻሉ። ይህ የልምድ ስፋት ነው ወይስ አንዱንም ጠልቆ ያለማወቅ ምልክት? በመጀመሪያው ቀን ምን ብጠይቃቸው ተገቢ ይሆናል?

መልስ 1

መንገድ መቀየራቸው በራሱ ሊያሳስብዎ አይገባም። ለኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ አንዱ መነሻ የሆነው የኮግኒቲቭ ቴራፒ መሥራች አሮን ቤክ ራሳቸው በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። ድባቴ ወደ ራስ የተመለሰ ቁጣ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለማረጋገጥ የታካሚዎቻቸውን ሕልም ሲመረምሩ፣ ጎልቶ ያገኙት ቁጣ ሳይሆን የሽንፈትና የማጣት ስሜት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታካሚው ስለ ራሱ በሚያስበው ላይ የሚያተኩር ሕክምና ወደ መቅረጽ አመሩ።

እኔን የሚያጠራጥረኝ «አዋሕጄ እሠራለሁ» የሚለው ቃል ነው፤ ብዙ ነገር ይሸፍናልና። ልቡ በኃይል ሲመታ የሚሞት ለሚመስለው ሰው፣ አንዱ መንገድ፣ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ የሚፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ ቀስ በቀስ እንዲጋፈጠው ያደርገዋል፤ ሌላው፣ ሳይኮአናሊሲስ፣ ደግሞ ፍርሃቱ በሕይወቱ ውስጥ መቼ እንደ ጀመረና ከማን ጋር ሲሆን እንደሚብስ ይመረምራል። ሁለቱም ትርጉም አላቸው፤ ነገር ግን ባለሙያዋ ለእርስዎ ችግር ከየትኛው እንደሚጀምሩና ለምን እንደሆነ በቀላል ቋንቋ ሊያስረዱዎ ይገባል። የምጠይቀው ይህን ነው።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው መልስ በቴራፒስቱና በታካሚው መካከል ላለው ግንኙነት ያነሰ ቦታ የሰጠ መሰለኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ ለለውጥ የሚያስፈልገው ቴራፒስቱ እውነተኛ ሆኖ፣ ታካሚውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀብሎና ስሜቱን ተረድቶ ይህንንም ማሳየት መቻሉ ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔ ይህ ብቻውን ይበቃል አልልም። ቀደም ሲል የሄድኩባቸው ባለሙያ እጅግ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም አንድ ዓመት ሙሉ ስንነጋገር ምን ለመለወጥ እንደ መጣሁ አንድም ቀን አልተስማማንም ነበር። ስለዚህ እርስዎ ከጥቂት ቀጠሮዎች በኋላ ግባችን ምንድን ነው፣ ለውጥ መኖሩንስ በምን እናውቃለን ብለው ይጠይቁ።

በእርግጥ የሕክምናው ዓይነት ራሱ የሚወስንበት ሁኔታም አለ፤ እጅ መታጠብን የመሰለ ድርጊት ደጋግሞ እንዲፈጽም በሚያስገድድ ሐሳብ ለሚሠቃይ ሰው፣ ፍርሃቱን እየተጋፈጠ ድርጊቱን የሚተውበትን ሕክምና የማያውቅ ባለሙያ፣ የቱንም ያህል ቢቀራረቡ፣ ብዙ ላይረዳው ይችላል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ባለሙያዋን ያስቀይማቸው ይሆን?

መልስ 1

ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ሊያስቀይም አይገባም። በብዙ አገሮች «ቴራፒስት» የሚለው መጠሪያ ብቻውን በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ፣ በምን ዘርፍ እንደ ተመረቁ፣ የሥራ ፈቃዳቸውን የሰጠው አካል ማን እንደሆነና ሥራቸውን በሱፐርቪዥን ከሌላ ባለሙያ ጋር ይመክሩበት እንደሆነም አክለው ይጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል።