ከጠመኔ ወደ ወረዳ ወንበር፦ ርዕሰ መምህርነት ይቅደም ወይስ ይዘለል?

አወያይ፦ የሳምንቱ መከራከሪያ ይኸው። በትምህርት አመራር ማስተርስ የያዘ አንድ የቡድናችን መምህር ወደፊት የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መምራት ያስባል። ርዕሰ መምህርም ሱፐርቫይዘርም ሳይሆን ከክፍል በቀጥታ ቢሄድ ያዋጣል? ምክንያት የሌለው «እደግፋለሁ» ይሰረዛል።

መምህር፣ ሐይቅ፦ ይሂድ እንጂ! ዝውውርን ውሰዱ። ስምንት ሴክሽን 9ኛ ክፍል፣ ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሆን 40 ነው፤ ሁለት መምህራን 20፣ 20 ይይዙታል። መስከረም ላይ አንዱ ተዛውሮ ምትኩ ታኅሣሥ ቢደርስ ሪፖርቱ ላይ «አንድ ክፍት መደብ» ተብሎ ያልፋል። አራት ሴክሽን ግን ሦስት ወር ሒሳብ አልተማረም። ይኼ የሚታየው ክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው ነው።

ሱፐርቫይዘር፣ ኩታበር፦ ወንድሜ፣ ማየትና መፍታት ለየቅል ነው። ርዕሰ መምህርነት ፊርማ ያስተምራል። የድጎማ ብር ሲገባ ዕቅዱን ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ያያል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። 40 ዴስክ ተገዝቶ ሞዴል 19 ካልተቆረጠ፣ ተማሪ ተቀምጦበት እያለ እንኳ ኦዲተር «ገቢ ያልሆነ ንብረት» ብሎ ይጽፈዋል። የሚጠየቀውም የፈረመው ነው። ይኼን በአንድ ትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው በወረዳ ሙሉ ሊማረው ነው?

የዕቅድ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ሞዴሉ ግን ልብ ላለው ሰው የሁለት ሳምንት ትምህርት ነው። የሚከብደው የተማሪ ቁጥር ነው። ድጎማው በተማሪ ራስ ሲሰላ ቁጥር ማሳበጥ ያጓጓል። ባቲ ዙሪያ ሰኞ ገበያ ነው፤ ያን ቀን የተቆጠረ ክፍልና ረቡዕ የተቆጠረ ክፍል አይገናኙም። ስለዚህ መዝገቡን የአራት ሳምንት ስም መጥሪያና የመንፈቅ ፈተና ከተቀመጡት ጋር ማስተያየት ነው። 62 ተመዝግቦ 44 ከተፈተነ 18ቱ የት ናቸው? ያቋረጡ ናቸው ወይስ መጀመሪያም የወረቀት ተማሪ?
በጀቱም አለ። ደመወዝ አብዛኛውን ይበላል፤ በተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ግዥ እስከ ሚያዝያ ካልተጀመረ ሰኔ 30 ላይ ይቃጠላል።

መምህርት፣ ወገል ጤና፦ ዋናውን ዘለላችሁት። የኃላፊው ወንበር ሹመት ነው፣ የወረዳ ካቢኔ ወንበር። ማስተርስ ብቻውን አያስቀምጥበትም። ከተቀመጠም በኋላ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ግብር ሲሰበሰብ ቀበሌ ተመድቦ ይወርዳል፤ ትምህርቱ በተረፈ ጊዜ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ገደማ ነበር። 9ኛ የገባ ልጅ 12ኛን ለመጨረስ አራት ዓመት ይፈልጋል። ካቢኔ በተበወዘ ቁጥር የሚነሳ ኃላፊ የዘራውን መቼ ያያል? እኔ የምለው በውድድር በሚያዘው የባለሙያ ወይም የቡድን መሪ መደብ ይግባ።

ሱፐርቫይዘር፣ ኩታበር፦ እሱስ እውነት ነው፣ እታለም። በውድድር ቢገባም ግን ርዕሰ መምህራኑ ይፈትኑታል። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲመጣለት የትኛው ገጽ ከጎረቤት ትምህርት ቤት እንደተገለበጠ የሚያውቀው እሱም አንድ ቀን የገለበጠ ነው (አንሸሽ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን)። ቢያንስ ሁለት ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ይሁን።

መምህር፣ ሐይቅ፦ ምክትሉን እቀበላለሁ፤ ሥራው የክፍለ ጊዜ ድልድልና የመምህራን ቁጥጥር ስለሆነ ከክፍል አይርቅም። አንድ ነገር ግን ይቅደም። ሰውየው ከፍተኛ መምህር ከሆነ፣ ቢሮ የሚቆይበት ዓመት ለቀጣዩ የመምህራን ዕድገት ደረጃ፣ ለተባባሪ መሪ መምህርነት፣ ይቆጠርለታል ወይ? ከመደቡ ሲነሳስ የት ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ደረጃ ነው የሚመለሰው? የቃል ተስፋ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳይዝ ጠመኔውን እንዳያስቀምጥ።