አዲስ አበባ 45 ሺህ ብር ወይስ ዱባይ 7 ሺህ ድርሃም?

የሳሪሷ፦
ሰላም ሰዎች። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ ብራንዲንግና ማሸጊያ ላይ ነው የምሠራው። ደመወዜ 45 ሺህ ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 28 ሺህ ገደማ እጄ ይገባል። ቤት ኪራይ ከእህቴ ጋር እካፈላለሁ። አሁን ዱባይ ያለ ኤጀንሲ በወር 7 ሺህ ድርሃም ሊቀጥረኝ ነው። ወደ ብር ስመታው ጭንቅላቴ ዞረ። እዛ ያላችሁ፣ በዚህ ተኑሮ ለቤተሰብ ይተርፋል?

ዴይራ ነዋሪ፦
እህቴ፣ ወደ ብር መመንዘሩን ተይው፣ የምትበይው በድርሃም ነው። ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም፣ እሱ እውነት ነው። ጉዱ ያለው ቤት ላይ ነው። ብቻዬን ስቱዲዮ ልያዝ ካልሽ ብዙ አከራይ የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች ነው የሚፈልገው፣ ማስያዣው አለ፣ የደላላው አለ፣ ከዚያ ደግሞ የዓመት ኪራይሽን 5 በመቶ ማዘጋጃ ቤቱ ከመብራትና ውኃ ቢል ጋር በየወሩ እየከፋፈለ ይወስዳል። አዲስ የገባ ሰው ይሄን ከየት ያመጣል? መጀመሪያ ክፍል ተጋሪ። በቦርድ የተከፋፈለ ክፍል ግን እንዳትገቢ፣ በ2025 ማዘጋጃ ቤቱ ዘመቻ ከፍቶበታል። ሻርጃ ይረክሳል፣ ግን ሜትሮ የለውም፣ የጠዋቱ መንገድ ደግሞ የመገናኛን ሰልፍ ያስናፍቃል።

ሌላው፣ ውሉ ላይ መሠረታዊ ደመወዝ ስንት ይላል? ሥራ ስትለቂ የሚከፈልሽ የአገልግሎት ክፍያ በእሱ ብቻ ነው የሚሰላው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ነው። የቪዛ ወጪም የአሠሪው ነው። ክፈይ ካሉሽ እንዳትሄጂ።

ማታ ሠሪ፦
እኔ ቅሪ ባይ ነኝ። 45 ሺህ ለዲዛይነር መጥፎ አይደለም፣ ማታ ማታ ደግሞ ሎጎውም ሜኑውም ይመጣል። እዛ በቅጥር ቪዛ ላይ ሆነሽ ያለ ፈቃድ የጎን ሥራ አይፈቀድም። ይሄን ማንም አይደምረውም! እዚህ አዲስ አበባ ኪራዩም ቢሆን የቤት ኪራይ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ውሉ ቢያንስ የ2 ዓመት ነው፣ አከራይ እንደ ድሮው በየጊዜው ተነስቶ ጨምሪ አይልሽም።

የሳሪሷ፦
ውሉን አሁን አየሁት። መሠረታዊው 3 ሺህ፣ ቀሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ይላል። ልተወው?

ዴይራ ነዋሪ፦
አትተዪው፣ ተደራደሪ። በ3 ሺህ ሂሳብ በዓመት 2,100 ድርሃም ነው የሚጠራቀምልሽ፣ በ5 ሺህ ቢሆን 3,500 ነው። ጠቅላላውን 7 ሺህ ሳትነኩ መሠረታዊውን ከፍ አድርጉልኝ በያቸው። የወር ወጪያቸው ስለማይጨምር አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። የመጀመሪያ ወር ማረፊያም ጠይቂ፣ በጽሑፍ ይሁን።