አባታችን ያለ ኑዛዜ አረፉ፤ የሳክራሜንቶው ቤት በአዲሱ የካሊፎርኒያ ሕግ ወደ ልጆቻቸው ሊዞር ይችላል?

የሳክራሜንቶ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አባታችን በጁን 2025 አረፉ። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። አባታችን ኑዛዜም ትረስትም (ንብረትን ለወራሽ የሚያስተላልፍ የአደራ ሰነድ) አልተዉም። ያላቸው ንብረት የኖሩበት ቤት ነው፤ አንድ የቤት ሻጭ ወኪል 620 ሺህ ዶላር ያህል ያወጣል ብሎናል፤ 180 ሺህ ዶላር የባንክ ብድር ቀርቶበታል። ከዚህ ሌላ በባንክ 40 ሺህ ዶላር ገደማና አንድ ያገለገለ ቶዮታ አለ። እኔ ከልጆቼ ጋር እዚያው ቤት ከእርሳቸው ጋር እኖር ነበር፤ አሁንም አለሁበት። ወንድሜ ዳላስ ነው።

ለቅሶ ላይ አንድ ዘመድ «ፕሮቤት (ውርስ በፍርድ ቤት የሚጣራበት ሂደት) ሳትገቡ አይሆንም፤ 30 ሺህ ዶላር ያስወጣችኋል» አሉን። ሌላው ደግሞ «ሕጉ ተቀይሯል፤ አሁን ጠበቃም አያስፈልግ» አሉ። ማንን እንመን?

ሌላም ጉዳይ አለ። አባታችን ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት የወለዷት ታላቅ እህት ደሴ አለችን። ገንዘብ ይልኩላት ነበር፤ እኛም በስልክ እንገናኛለን። አጎታችን ግን «እሷን ወረቀት ውስጥ ካስገባችሁ ነገሩ አያልቅም። አሁን ተዉዋት፤ ቤቱ ሲሸጥ ድርሻዋን በእጇ ትሰጧታላችሁ» ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኦክላንድ ነዋሪ

ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሁለቱም ዘመዶችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ሕጉ በእርግጥ ተቀይሯል። ቀድሞ ሟቹ የተዉት ንብረት ተደምሮ 184,500 ዶላር ካለፈ ቤቱን በአጭሩ መንገድ ማዞር አይቻልም ነበር። በካሊፎርኒያ በዚያ ዋጋ ቤት የት ይገኛል? ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ወደ ረጅሙ ፕሮቤት ይገባ ነበር። አዲሱ ሕግ ግን ሟቹ ይኖሩበት የነበረው ዋና መኖሪያ ቤት ግምቱ ከ750 ሺህ ዶላር ካላለፈ፣ ወራሾቹ ለፍርድ ቤት አንድ አቤቱታ አቅርበው በትእዛዝ እንዲዞርላቸው ፈቅዷል። ሟቹ ያረፉት ኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። አባትሽ ጁን ላይ ስላረፉ ይመለከታችኋል።

የአክስቴን ቤት ያዞርነው በዚሁ መንገድ ነው። ቅጹ ዲኢ-310 ይባላል። ሟቹ ካረፉ 40 ቀን ማለፍ አለበት፤ የተከፈተ የፕሮቤት መዝገብም መኖር የለበትም። ከአቤቱታው ጋር የንብረት ዝርዝርና ግምት ይያያዛል። ግምቱን የቤት ሻጭ ወኪል የጻፈው ወረቀት አይተካውም፤ ፕሮቤት ሬፈሪ የሚባል፣ ግዛቱ የሾመው ገማች ነው የሚሠራው። ክፍያው ከሺህ አንድ ስለሆነ ለእናንተ ቤት 620 ዶላር ያህል ነው። የፍርድ ቤት መክፈቻው 435 ዶላር ነበር። ቀጠሮ ይሰጣችኋል፤ ዳኛው ሲፈርሙ የተረጋገጠውን ቅጂ ካውንቲው ንብረት መዝጋቢ ዘንድ ታስመዘግባላችሁ። አለቀ።

በሕግ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። እኛ ግን ጠበቃ ይዘናል፤ ክፍያውም በስምምነት ነበር። ፕሮቤት ላይ እንዳለው በመቶኛ አይሰላም።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ

30 ሺህ ያሉት ዘመድ ከባዶ አልተናገሩም። በመደበኛው ፕሮቤት የጠበቃውን ክፍያ ሕጉ ራሱ ነው የተመነው፦ ከመጀመሪያው 100 ሺህ 4 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 100 ሺህ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው እስከ አንድ ሚሊዮን ድረስ 2 በመቶ። በ620 ሺህ ሲሰላ 15,400 ዶላር ይሆናል። የውርስ አጣሪውም ያንኑ ያህል የመጠየቅ መብት አለው። ተደምሮ 30,800። የሚሰላው ደግሞ ዕዳው ሳይቀነስ ነው፤ 180 ሺህ ዶላሩ የባንኩ ቢሆንም ጠበቃው ከእርሱም ላይ መቶኛውን ያገኛል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሳንዲያጎ ያለሁ

ለእኛም ጥሩ ዜና ነው። በሕይወት ያለችው እናቴ ቤት 840 ሺህ ይገመታል፤ ብድሩ 150 ሺህ ነው። ሲቀነስ 690 ስለሆነ ከ750 በታች እንገባለን ማለት ነው?

ኦክላንድ ነዋሪ

አትገቡም፤ ለአጭሩ መንገድም ብድሩ አይቀነስም። ባለቤቱ ባረፉበት ቀን ቤቱ የሚያወጣው ሙሉ ዋጋ ነው የሚታየው። የሚከራይ ሁለተኛ ቤት ካለም በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ዋና መኖሪያ ብቻ ነው።

ሎስ አንጀለስ፣ ታክሲ ነጂ

እናቴ ያረፈችው ፌብሩዋሪ 2025 ነው። ቤቷ 500 ሺህ አይሞላም። እስካሁን ምንም ወረቀት አልጀመርንም። አሁን ባስገባ በአዲሱ ሕግ አይታይልኝም?

አስተርጓሚዋ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የሚቆጠረው የእረፍት ቀን ነው፤ ወረቀቱ የገባበት ቀን ለውጥ አያመጣም። ለፌብሩዋሪ የድሮው ጣሪያ ነው የሚሠራው። ሆኖም ተስፋ ሳትቆርጥ አባትህ በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን ንገረን። ቤቱ በጋብቻ ዘመናቸው የተገዛ የጋራ ንብረት ከሆነና እናትህ ኑዛዜ ካልተዉ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ የእርሳቸው ድርሻ በሙሉ ለባለቤታቸው ነው የሚያልፈው። ለትዳር ጓደኛ የተለየ አቤቱታ አለ፤ ዲኢ-221 ይባላል፤ የገንዘብ ጣሪያም የለውም።

ሎስ አንጀለስ፣ ታክሲ ነጂ

አባቴ አለ! ስለዚህ ቅጽ የነገረን ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አስተርጓሚዋ

አሁን ወደ ሳክራሜንቶዋ እህቴ። ስለ ደሴዋ እህታችሁ ማንም ደፍሮ ስላልተናገረ እኔ ልናገር። የአጎትሽን ምክር አትስሚ።

በካሊፎርኒያ አንድ ሰው ያለ ትዳር ጓደኛና ያለ ኑዛዜ ሲያርፍ ልጆቹ እኩል ይካፈላሉ። በእናት መለየት ለውጥ አያመጣም፤ ሌላ አገር መኖርም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ቤቱ የሦስታችሁ ነው፣ ሲሶ ሲሶ። ይህ አቤቱታ ደግሞ የሚሠራው ወራሾች ሁሉ አብረው ሲያቀርቡት ነው። የምትፈርሙት «ሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ» በሚል ቃል ነው፤ እህታችሁን እያወቃችሁ ብትዘሏት በሐሰት ምስክርነት ትጠየቃላችሁ። አዲሱ ሕግ ጥበቃውንም አጥብቋል፦ አቤቱታው በገባ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቅጂው ለእያንዳንዱ ወራሽ መላክ አለበት። «በኋላ በእጇ ትሰጧታላችሁ» የሚለው ደግሞ በስንት ቤት ስንት ወንድማማች እንዳቆራረጠ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ አባትሽና እናቷ ተጋብተው ነበር? ከነበሩ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ይበቃል። ካልነበሩ፣ አባትሽ በሕይወት ሳሉ ልጄ ናት ብለው በይፋ ይናገሩና ይይዟት እንደነበር ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይፈለጋል። የላኩላትን ገንዘብ ደረሰኞች ሰብስቡ። ከሁሉ በፊት ግን የአባትሽን የኢሚግሬሽን ፋይል ፈልጊ፤ ብዙ አባቶች አመልካች በነበሩበት ቅጽ ላይ የልጆቻቸውን ስም በሙሉ ዘርዝረዋል። እኔ በተረጎምኩት አንድ ጉዳይ ላይ ክርክሩን የዘጋው ያ አንድ ገጽ ነው። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ በብቁ ተርጓሚ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ተያይዞለት ይገባል።

ፊርማዋ እንዳያስጨንቃችሁ። አቤቱታውን ደሴ ሆና መፈረም ትችላለች፤ ቃሉ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት የተሰጠ መሆኑ ተጽፎ፣ ቀንና ፊርማ ካለበት ለዚህ ቅጽ ውልና ማስረጃ መሄድም ሆነ ኤምባሲ መሰለፍ አያስፈልግም። ቅጹን ግን መስመር በመስመር በአማርኛ አንብቡላት። ያልገባትን ወረቀት አታስፈርሟት።

የሳክራሜንቶ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ደወልኩላት። አባታችንና እናቷ በሰማንያ ተጋብተው የተፋቱ ናቸው፤ ወረቀቱ እናቷ ዘንድ አለ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ «አንቺ አባባን አስታምመሻል፤ ልጆችም አሉሽ። ድርሻዬን ለአንቺ ትቻለሁ፤ የምፈርመውን ላኪልኝ።» አለቀስኩ። ግን እንዴት ነው የሚደረገው? ውርሱን አልፈልግም ብላ ብትፈርም ይበቃል? እሷም ሁለት ልጆች አሏት።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ

ቆይ! እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ውርሱን አልቀበልም» ብላ ከፈረመች ሕጉ ከአባታችሁ ቀድማ እንደሞተች ይቆጥራታል፤ ድርሻዋም በቀጥታ ወደ ሁለቱ ልጆቿ ይሄዳል። ለአንቺ አይደርስሽም። ልጆቿ ለአካለ መጠን ካልደረሱ ደግሞ ለእነርሱ የሚፈርም ሞግዚት ያስፈልጋል፤ በቀላሉ የሚያልቀው ነገር ይወሳሰባል። ለአንቺ መስጠት ከፈለገች መጀመሪያ ውርሱን ተቀብላ ከዚያ በስጦታ ማስተላለፍ ነው። ለዚህኛው ነገር የአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ገዝታችሁ ጠይቁ፤ ለእሷም የራሷ አማካሪ ቢኖራት ይመረጣል።

ቤቱን ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እሷ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ስላልሆነች ገዢው በመርሕ ደረጃ ከእሷ ድርሻ 15 በመቶ ቀንሶ ለፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ያስገባል። ይህ ግብሩ ራሱ አይደለም፤ በቅድሚያ የሚያዝ ነው። አባታችሁ ባረፉበት ቀን የነበረው ዋጋ እንደ መግዣ ዋጋ ስለሚቆጠር በቅርቡ ከተሸጠ ትርፉ ትንሽ ነው፤ የግብር መለያ ቁጥር አውጥታና ግብሯን አሳውቃ አብዛኛውን ትመልሳለች። ካሊፎርኒያ ራሷ የውርስ ግብር የላትም።

ላትሸጡት ከሆነ የንብረት ግብሩን ተመልከቱ። ከ2021 ፌብሩዋሪ 16 ጀምሮ በፕሮፖዚሽን 19 (በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ) መሠረት የወላጅ ቤት የድሮው ዝቅተኛ ግብር ለልጅ የሚተላለፈው ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋና መኖሪያው ካደረገው ነው። አንቺ ስላለሽበት መስፈርቱን ታሟያለሽ፤ ከወራሾቹ አንዱ መኖሩ ይበቃል። ነገር ግን ዝም ብሎ መኖር አይበቃም፦ የባለቤት ነዋሪነት ቅናሹን በስምሽ ጠይቂ፤ ቢኦኢ-19-ፒ የሚባለውንም ቅጽ ለካውንቲው ገማች ቢሮ አስገቢ። የቤቱ ባለቤት ማረፋቸውን የሚገልጸው ቢኦኢ-502-ዲ በ150 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት እርሱን አሁኑኑ ላኪ።

ኦክላንድ ነዋሪ

ሁለት ነገር ልጨምር። የወር ክፍያውን አታቋርጡ። ባንኩ ስም ባይዞርም ከእናንተ ይቀበላል፤ በፌደራል ሕግ ደግሞ ዘመድ በውርስ ያገኘውንና የሚኖርበትን ቤት «ዕዳውን በአንድ ጊዜ ክፈሉ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። ሁለተኛ፣ አጭሩ መንገድ ከሌላ ዕዳ ነጻ አያወጣም። የሆስፒታልም ሆነ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለባቸው፣ ወራሾች በወረሱት ንብረት ዋጋ ልክ ይጠየቃሉ።

የባንኩ 40 ሺህ በሌላ ወረቀት ነው የሚሄደው፤ ከቤቱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ከ208,850 ዶላር ለማያልፍ ተንቀሳቃሽ ንብረት የቃለ መሐላ ቅጽ አለ። 40 ቀን ካለፈ በኋላ የሞት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይዛችሁ ባንኩ ትሄዳላችሁ። ሦስታችሁም መፈረም አለባችሁ፤ ባንኮች ደግሞ በኖተሪ (በሕጋዊ ፊርማ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ ፊርማ ይጠይቃሉ፤ ለእህታችሁ አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ የሚያስፈልጋት ምናልባት ለዚህ ነው። አስቀድማችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ።

ሳንዲያጎ ያለሁ

እናቴ በሕይወት ላለች ለእኔ ግን ምን ላድርግ? 840 ሺህ ከጣሪያው በላይ ነው።

አስተርጓሚዋ

ዕድለኛ ነህ፤ ጊዜ አለህ። እናትህ ትረስት ማቋቋም ይችላሉ፤ ለብዙ ቤተሰብ የሚመከረው እርሱ ነው። ዝቅተኛ ወጪ ከተፈለገ ደግሞ ሲያርፉ ቤቱ ለሰየሙት ሰው የሚያልፍበት ሰነድ አለ። ሰነዱን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ እናትህ ኖተሪ ፊት ቀርበው ያረጋግጡታል፤ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ አስፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሕይወት እስካሉ ድረስ ሐሳባቸውን ቀይረው ሊሽሩትም ይችላሉ።

እናትህ በእጃቸው በአማርኛ የጻፉትና የፈረሙበት ኑዛዜ በካሊፎርኒያ ያለ ምስክርም ይጸናል። ነገር ግን ኑዛዜ ብቻውን ከፕሮቤት አያድንም፤ ለማን እንደሚሄድ ነው የሚወስነው።

የሳክራሜንቶ ልጅ (ጠያቂ)

ለአጎቴ አንብቤላቸዋለሁ። ለጊዜው አኩርፈዋል። ቢኦኢ-502-ዲን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ለፕሮቤት ሬፈሪውም ደውያለሁ። ወንድሜ ለምስጋና ቀን ሲመጣ አብረን እንፈርማለን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ መኪናው ፍርድ ቤት ይገባል?

ኦክላንድ ነዋሪ

አይገባም። ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮው) ሬግ-5 የሚባል ቅጽ አለው፤ እዚያው መስኮት ላይ ያልቃል። የሞት የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ብዙ አድርገሽ አውጪ፤ ሁሉም ቢሮ ይጠይቅሻል። የፍርድ ቤቱ የራስ አገዝ ማዕከልም ቅጾቹን በነጻ ያይልሻል፤ ለችሎቱ የአማርኛ አስተርጓሚ የምትፈልጊ ከሆነ በአይኤንቲ-300 ቀድመሽ ጠይቂ።