እማማ ዘንቢልን ለማስታወቂያ ላከራያቸው?

ጥያቄ፦ ከጥቁር ቀለም

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የፖለቲካ ካርቱን መሣል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። የሚከፈለኝ በሥዕል ነው፤ በሳምንት አንድ፣ በወር አራት። የወረቀት ዋጋ በናረ ቁጥር የጋዜጣው ገጽ ይቀንሳል፤ ገጽ ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው የእኔ ሥዕል ነው። ባለፈው ወር የወጣልኝ ሁለት ብቻ ነበር። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቅርና የቤት ኪራዩ እንኳን በእሱ አልተሸፈነም።

በየካርቱኔ ግራ ጥግ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚቆሙ አሮጊት አሉ። «እማማ ዘንቢል» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አንባቢዎች ናቸው። አይናገሩም። ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ፣ ነጋዴ ሲፎክር ዝም ብለው ያያሉ።

አሁን አንድ የሪል እስቴት ድርጅት በወር 45 ሺህ ብር፣ ለአንድ ዓመት ልክፈልህ ብሎኛል። ብሮሹርና የግድግዳ ካሌንደር ይፈልጋል፤ ይህ አያስጨንቀኝም። ሁለተኛው ፍላጎቱ ግን እማማ ዘንቢል በአፓርታማ በር ላይ ቆመው፣ ዘንቢላቸው ሞልቶ፣ ቁልፍ ይዘው እንዲስቁ ነው። በውሉ ላይ ደግሞ «ሠዓሊው የድርጅቱንና የአጋሮቹን መልካም ስም የሚነካ ሥራ በማናቸውም መንገድ አያወጣም» ይላል። አጋሮቹ እነማን ናቸው ብዬ ስጠይቅ የሽያጭ ሠራተኛው ሳቅ ብሎ «ያው አጋሮች ናቸዋ» አለኝ።

ናሙናውን ሞክሬዋለሁ። የእማማ ዘንቢል አፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አጭር መስመር ነው። መስመሩን ወደ ላይ ሳጎብጠው ሌላ ሴት ወጣችብኝ። ታናሿ ልጄ በትከሻዬ ላይ አይታ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ።

ስብከት አልፈልግም፤ የሚሠራ ነገር ንገሩኝ። እስከ ሐሙስ መልስ ይጠብቃሉ።

መልስ፦ ከማስታወቂያ ሰው

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከወር ደመወዝ አስተሳሰብ ውጣ። «በወር 45 ሺህ» ማለት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደውለው «ይህችን ትንሽ ነገር» ይሉሃል ማለት ነው። ካሌንደሩ አሥራ ሦስት ገጽ ነው ወይስ አሥራ ሁለት? ጳጉሜን ለብቻዋ ገጽ ታገኛለች ወይ? ብሮሹሩ ስንት ሥዕል አለው? ይህን ሁሉ ቆጥረህ በሥዕል ዋጋ አውጣ። ሢሶውን በቅድሚያ ተቀበል። ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ሦስተኛው በክፍያ። እኔ ይህን ሳልጽፍ በፈረምኩት ሥራ የአንድ ጠርሙስ ሥዕል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሠርቻለሁ።

እማማን አትስጣቸው፤ ይህን የምልህ ለክብር ስል አይደለም። ድርጅቱ የሚገዛው የእጅህን ችሎታ ሳይሆን አንባቢ በአሮጊቷ ላይ ያለውን እምነት ነው። እሱ ደግሞ አንዴ ከተሸጠ ለጋዜጣህም ለሚቀጥለው ደንበኛህም አይተርፍም። ሌላ ገጸ ባሕርይ ፍጠርላቸው፤ መስመሩም ይለይ። እማማን በብዕር የምትሣል ከሆነ የእነሱን በብሩሽ ሥራ።

መልስ፦ ከሕግ ባለሙያ

ለጠያቂው፦ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ አዛዡ ነው። ስለዚህ ዝም ካሉ የሣሉት ሁሉ የእነሱ ይሆናል። የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብት) ቢተላለፍም የሞራል መብቱ ከእርስዎ ጋር ይቀራል፤ ስምዎ እንዲጠቀስ ወይም እንዳይጠቀስ መጠየቅ፣ ሥራው ክብርዎን በሚነካ መንገድ ሲዛባ መቃወም ይችላሉ።

ብዙ ሠዓሊ የማያስበው የንግድ ምልክትን ነው። ድርጅቱ የአሮጊቷን ምስል በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በራሱ ስም ለማስመዝገብ ቢያመለክት፣ ነገ በራስዎ ጋዜጣ ላይ ሲሥሏት ክርክር ሊገጥምዎ ይችላል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ ከውሉ ውጪ መሆኗ በግልጽ ይጻፍ። የማይጽፉ ከሆነ አይፈርሙ።

«አጋሮቹ» የሚለው ቃል ይውጣ፤ ካልወጣ አጋሮቹ በስም ተዘርዝረው ከውሉ ጋር ይያያዙ። ክልከላው ስለ ድርጅቱ ቤቶች ብቻ፣ ለውሉ ዘመን ብቻ ይሁን። «በማናቸውም መንገድ» የሚል ሐረግ ያለበትን ውል ሁሉ እፈራለሁ።

መልስ፦ ከመርካቶ

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። ልጅ በካርቱን አይጠግብም። አዝማሪ በሠርግ ሲያወድስ አምሽቶ በማግስቱ ሲሸረድድ ማን ከሰሰው? ተቀበል፣ ሣል፣ ልጆችህን አስተምር። አሮጊቷ የወረቀት ሴት ናት።

መልስ፦ ከናይሮቢ

ለመርካቶው ወንድሜ፦ አዝማሪው «ከነገ ጀምሮ ስለ እናንተና ስለ ወዳጆቻችሁ አልዘፍንም» ብሎ አይፈርምም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ኬንያ ጋዶ የሚባል ታንዛኒያዊ ካርቱኒስት አለ። ከ1992 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ለአንድ ትልቅ የጋዜጣ ድርጅት ሣለ። በ2015 መጀመሪያ የታንዛኒያውን ፕሬዚዳንት ኪክዌቴን የሚተች ካርቱን ሠራ፤ ጋዜጣው ታንዛኒያ እንዳይገባ ታገደ፣ እሱም ለአንድ ዓመት ዕረፍት ተላከ፣ በ2016 ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ዋናው ነገር ግን በረንዳ ላይ አልወደቀም። ገና በ2009 በአሻንጉሊቶች የሚሠራ የቴሌቪዥን ፖለቲካዊ ሹፈት ጀምሮ የራሱ ድርጅት ነበረው፤ ወደ ሌላ ጋዜጣም ተሻገረ። የአሻንጉሊቱ ዝግጅት ይሠራ የነበረው ባብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ስለነበር ዝግጅቱም የራሱ ጌታ ነበረው። አራት ትንንሽ ጌቶች ያሉት ሰው ግን አንዱን እምቢ ለማለት አይፈራም።

መልስ፦ ከዋሽንግተን

እዚህ አን ቴልናስ የምትባለዋ ሠዓሊ በጥር 2025 (እንደ አውሮፓውያን) ከዋሽንግተን ፖስት ለቀቀች፤ የጋዜጣው ባለቤት ቤዞስ ያለበት ካርቱኗ ስላልወጣ ነው። አርታኢው ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ጽሑፍ ስለወጣ ነው ብሏል። በዚያው ዓመት የፑሊትዘር የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘች፤ አሁን ሥራዎቿን በቀጥታ ለአንባቢዎቿ ታቀርባለች። ይህን መንገድ እንዳለ አልመክርህም፤ ከውጭዎቹ የክፍያ ሥርዓቶች ብዙዎቹ ለኢትዮጵያ አካውንት አይከፍሉም።

ግን የወረቀቱን ዋና ሥዕል የት ነው የምታስቀምጠው? አልጋ ሥር ከሆነ ገንዘብ አልጋ ሥር አለህ ማለት ነው። ከምርጦቹ አሥሩን በጥሩ ወረቀት አሳትም፣ ቁጥር ስጣቸው፣ ፈርም። እዚህ ቤቱ ግድግዳ ላይ እማማ ዘንቢልን የሚሰቅል ሀበሻ አይጠፋም። ዘመድ ሲመጣ ላክልኝ፣ እኔ ራሴ ሁለት እገዛለሁ።

መልስ፦ ከሒሳብ ሠራተኛ

አጭር ነገር፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለህ? ካላቀረብክ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ያስገድደዋል። ከ45 ሺህ ላይ 13,500 ብር ማለት ነው። ከሐሙስ በፊት ጨርስ።

መልስ፦ ከአንባቢ

ጋሼ፣ ዋና አዘጋጅህ ያውቃል? ስለ ቤት ግንባታ የምትሥለውን ሁሉ ከዚህ በኋላ በጥርጣሬ እናያለን። ዝምታህንም ጭምር።

ጠያቂው፦ ጥቁር ቀለም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ሄድኩ። «አጋሮቹ» ወጣ። ክልከላው በድርጅቱ ቤቶችና በውሉ ዓመት ተወሰነ። እማማ ዘንቢል ከውሉ ውጪ መሆናቸው በአንድ ሙሉ አንቀጽ ተጻፈ፤ ሥራ አስኪያጁ አንቀጹን ሲያነብ «ሰው ናቸው እንዴ?» አለ። በምትካቸው ኮቱ የሰፋበት፣ ፊሽካ የያዘ ዘበኛ ሣልኩላቸው፣ ወደዱት። ክፍያው ግን በሥዕል ሆኖ ሲሰላ በወር ወደ 30 ሺህ ወረደ። የመለያ ቁጥሩን አውጥቻለሁ። መርካቶዬ፣ 15 ሺህ ብር ጥዬ እንደመጣሁ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ነግራኛለች።

የአንባቢው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ውሉን ወስጄ ለዋና አዘጋጄ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ በዚያ ድርጅት ላይ ዜና ከመጣ ካርቱኑን ሌላ ሰው እንደሚሠራው፣ ከሥዕሌ ግርጌም ለማን እንደምሠራ በአንድ መስመር እንደሚጻፍ ተስማማን። አልወደድኩትም፣ ግን ፈረምኩ። ከዚያ የዚህን ሳምንት ርእስ ሰጠኝ፦ የቤት ኪራይ።

ሌሊቱን ሠራሁት። አከራዩ በር ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ መንገዱ ቀስሯል። እማማ ዘንቢል ግራ ጥግ ላይ ናቸው፤ አፋቸው ያው አጭር መስመር ነው። ጀበናው፣ ብርድ ልብሱ፣ ከሰል ማንደጃው፣ የባለቤታቸው ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ዘንቢሉ ውስጥ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ።