ለቦይለር የትኛው ታይመር ይሻላል?

ቦይለራችሁ ሌት ተቀን በርቶ የሚውል ከሆነ ታይመር ግዙለት። ግን ያገኛችሁትን ሁሉ አትግዙ።

50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ታይመር ይህን አይቀንስም። የሚያስቀረው፣ የሞቀው ውሃ ማንም ሳይነካው ሲቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) መልሶ መላልሶ በማሞቅ የሚያባክነውን ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ብቻ ለሚታጠብ ቤተሰብ ያዋጣል። ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ ለሚቀዳበት ቤት ብዙም ለውጥ የለውም። ታንከር ለሌለው ፈጣን ማሞቂያማ ጭራሽ አያስፈልግም።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ጥርስ ሜካኒካል ታይመር ርካሽ ነው፣ አጠቃቀሙም ቀላል። ግን መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ አብሮ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ከጠፋ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሁለት ሰዓት ይዘገያል፤ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይህ ችግር የለበትም፤ ለሥራ ቀንና ለእሁድም የተለያየ ሰዓት ይቀበላል። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። በስልክ የሚታዘዘው ስማርት ማብሪያ የሚጠቅመው የመግቢያ ሰዓቱ ለማይታወቅ ሰው ነው። አንዳንዱ ስንት እንደፈጀም ያሳያል። ዋይፋዩ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ባይገዛ ይሻላል።

አደራ፣ አምፒሩን ሳታዩ አትክፈሉ። 2000 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፒር፣ 3000 ዋት ደግሞ 14 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት። 10 አምፒር የሚል ታይመር ላይ ትልቅ ቦይለር መሰካት ሶኬት ማቅለጥ ነው። 16 አምፒር የሚል ፈልጉ። ለ3000 ዋትማ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ታይመር ከኮንታክተር (ከባድ ጭነት ከሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር ይሻላል። እሱን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ።

ሲገጠም ደግሞ 1500 ዋት ቦይለር 50 ሊትሩን ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚፈጅበት አስቡና ቀደም ብሎ እንዲበራ አድርጉ። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ ተዉት። ለብ ብሎ የሚቆይ ውሃ ሳንባ ለሚያጠቃው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ይመቻል፤ ለቁጠባ ሲባል ሙቀቱን ወደ 40 ማውረድ አያዋጣም።