እናቴን ነገ ሌሊት አዲስ አበባ ላደርስ ነው፤ ፎር ዊሉን ልያዝ ወይስ የጎረቤቴን?

ባለፒክአፑ (ከቀኑ 9፡20)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ የወገብ ቀዶ ጥገና ካደረገች ሁለተኛ ወሯ ነው፤ ነገ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ሌሊት 11 ሰዓት ከጅማ መነሳት አለብን። መኪናዬ ፎር ዊል ሃይሉክስ ነው። ዛሬ ከሊሙ ስመለስ ከኋላ መዝለል ጀመረ፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጎማውን ይዞ የሚጎትተው ይመስላል። ወርጄ ሳየው የኋላ ቀኝ አሞርዛተሩ (መዝለሉን የሚያበርደው) ዘይት አፍስሷል፤ አቧራው ተለጥፎበት የተመረገ ግድግዳ መስሏል። ጎረቤቴ ጋሼ «የእኔን ውሰድ፤ የኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋው ስለሆነ ይለሰልሳል» ይሉኛል። እውነት ነው?

የሄርማታ ልጅ
የጎማውን አየር ቀንስ። አለቀ።

ጡረተኛው ሹፌር
ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዣለሁና ስማኝ። ሰው ፎር ዊል ይደርቃል የሚለው ከድሮው ሃይሉክስ የቀረ ወሬ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራውና እኛ አገር የገባው ፎር ዊል የፊት እግሩም እንደ ኋላው ደፍን አክሰል ነበር፤ ከሥሩም ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው ጠፍጣፋ ብረት። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላኛውም አብሮት ያዘነብላል፤ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻልም ከነክብደቱ አብሮ ይነሳል፤ ያ ሁሉ ወገብህ ላይ ያርፋል። የዚያው ዘመን ቱ ዊል ግን የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይነሱ ይወርዱ ስለነበር ልዩነቱ የሚያከራክር አልነበረም። በፈረንጆች ከ2005 ወዲህ የመጣው ሃይሉክስ ፎር ዊልም ቢሆን ቱ ዊልም ቢሆን ፊቱ ለየብቻ የሚሠራ ነው፣ የፊት ዲፈረንሻሉም ሻንሲው ላይ ታስሯል እንጂ ከጎማው ጋር አይዘልም። የኋላው ግን የሁለቱም ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ደግሞ አንድ ቶን ሊሸከም የተሠራ ብረት ነው፤ ባዶውን ብትነዳው ከጅማ በርጩማ ይብሳል። እኔ በ

ጡረተኛው ሹፌር
ይቅርታ፣ ስልኩ ሳልጨርስ ላከው። እኔ በቦንጋ መንገድ ሁለቱንም ነድቻለሁ ልል ነበር። ያንተ የስንት ዓመተ ምህረት ነው?

ባለፒክአፑ
የ2012 ነው በፈረንጆች። ደብል ጋቢና። የጋሼም እንደዚሁ ነው፣ ያው ዓመት።

ሊሙ ቡና
ሁለት ኩንታል ቡና ከኋላ ጫንበት፣ እናታችን እንደ ንግሥት ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ስትደርስ ቡናውን ሸጠህ የሐኪሙን ትከፍላለህ።

ኬላ የሚያውቅ
ሊሙ ቡና፣ ሰውየውን ልታሳስረው ነው? ቡና ያለ ፈቃድ ጭኖ ኬላ ላይ ቢያዝ ቡናው ይቀራል። አሸዋ ይበቃል። ሦስት ጆንያ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ያህል፣ ከኋላው አክሰል ትንሽ ወደ ጋቢናው አድርገህ በገመድ እሰር። ባሌስትራው ትንሽ ሲጫን ነው የሚለሰልሰው። ካልታሰረ ግን ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ጋቢናውን ይመታዋል።

የሄርማታ ልጅ
አየሩን ቀንስ ብዬሃለሁ። እኔ 18 አድርጌ እነዳለሁ፣ አልጋ ነው።

ጎሚስታው
የሄርማታ ልጅ፣ 18 ለአሸዋና ለጭቃ ነው። ወደ 350 ኪሎ ሜትር አስፋልት በ18 ከነዳህ ጎማው ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ የሞቀ ጎማ የት እንደሚፈነዳ ደግሞ አስቀድሞ አይነግርም። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎማው ሳይሞቅ ለካ። ባለፒክአፑ፣ ያንተ አሁን ስንት ነው?

ባለፒክአፑ
ለክቼ መጣሁ፣ 55! ባለፈው ሳምንት ቡና ልጭን ስል ለጭነት ተብሎ የተነፋ ነው፤ ረስቼው ነበር። በሩ ላይ 29 ይላል።

ጎሚስታው
በ55 ባዶ መኪና እየነዳህ ነው ፎር ዊል ደረቀ የምትለው? ጎማህ ድንጋይ ነው እኮ።

እናት አዳራሽ
ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል ባይ ነኝ። ጋሼ መኪናቸው የሚለሰልሰው ቱ ዊል ስለሆነ ነው ብለህ ከማመንህ በፊት ኋላው ላይ ምን እንዳለ እይ። ባዶ ነው?

ባለፒክአፑ
አይደለም። ጋሼ በያጅ ናቸው፤ የብየዳ ማሽኑና የብረቱ ቁርጥራጭ ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

እናት አዳራሽ
እንግዲህ መልሱን ራስህ ሰጠህ። ያንን አውርደው በባዶው ቢያበድሩህ ያው ያንተው መኪና ነው። በተረፈ ደግሞ ለምን በአውሮፕላን አትወስዳትም? ከጅማ አየር ማረፊያ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

ባለፒክአፑ
የነገው ሞልቷል አሉኝ፣ ጠይቄያለሁ።

ነርሷ
የመኪናውን ነገር እናንተ ጨርሱ። እናትህን ግን የኋላ ወንበር ላይ አታስቀምጣት። የደብል ጋቢና የኋላ ወንበር ጀርባው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ከኋላው አክሰልም ብዙ አይርቅም፤ መዝለሉ የሚሰማው እዚያ ነው። ከፊት አስቀምጣት፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብል፣ ወገቧ ጋ የተጠቀለለ ፎጣ አድርግላት። በየሰዓቱ ቆመህ ትንሽ ትራመድ፤ ወልቂጤን ብቻ አትጠብቅ። አሁኑኑ ደግሞ የቀዶ ጥገናውን ሐኪም በስልክ ጠይቀው፤ ረጅም መንገድ ይፈቅድላት እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሊሙ ቡና
ነርሷ ከሁላችን ትበልጣለች። አሸዋውን ግን እኔ አመጣለሁ፣ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ ነኝ።

ጡረተኛው ሹፌር
አንድ ነገር ልጠይቅህ ረስቼ። መታጠፊያ ላይ ይጎትታል ያልከው፣ የፎር ዊሉ ማርሽ የት ላይ ነው?

ባለፒክአፑ
ኤች 4 ላይ ነው። ሊሙ ጭቃ ስለነበር አስገባሁት።

ጡረተኛው ሹፌር
አልወጣም? ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ አይታይህም? ልጄ፣ ሃይሉክስ መካከለኛ ዲፈረንሻል የለውም። ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ዙር ይሄዳሉ፣ ኤች 4 ግን ፊትና ኋላውን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለው አንዱ ከአንዱ ይታገላል፤ ያ ነው የሚጎትትህ። ወደ ኤች 2 (የኋላ ጎማ ብቻ ወደሚገፋበት) መልሰው። ካልወጣ ቀጥታ መንገድ ላይ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዳው፣ ይለቃል።

የሄርማታ ልጅ
አየሩን ቀንስ አላልኩህም?

ባለፒክአፑ (ከምሽቱ 2፡40)
ወጣ! ወደ ኋላ ስነዳው ድንገት ለቀቀ። መታጠፊያው ላይ መጎተቱም ቀረ። አየሩን 29 አድርጌዋለሁ። የአሞርዛተሩ ነገር ግን አልቆመም፤ ኋላውን በእጄ ስጫነው ሦስት አራት ጊዜ ይወዛወዛል። አጂፕ አካባቢ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ አለኝ ይለኛል።

ጎሚስታው
አንድ አትቀይር። የኋላዎቹን ሁለቱን አብረህ ቀይር፤ አንዱ ጠንካራ አንዱ ላላ ከሆነ ኋላው ወደ አንድ ወገን ይወዛወዛል። ሁለት ካጣህ የጋሼን መኪና ከነብየዳ ማሽኑ ውሰድ።

ባለፒክአፑ (ከምሽቱ 3፡15)
ሌላ ሱቅ ሁለት ተገኘ። መካኒኩ በእጅ ባትሪ እየፈታ ነው። ሐኪሙም ይሁንታ ሰጥቷል፣ ነገር ግን ቀስ በሉ ብሏል። ሊሙ ቡና አሸዋውን ይዞ መጥቷል፤ አራት ጆንያ ነው ያመጣው። ስንደርስ እነግራችኋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ነርሷ (ከሦስት ቀን በኋላ)
እናታችን እንዴት ሆኑ?

ሊሙ ቡና
እኔም ጆንያዎቼን እየጠበቅሁ ነው።

አዲስ አባል
ሰላም፣ የእኔም ፒክአፕ መታጠፊያ ላይ ይጎትታል፣ አሞርዛተር ይሆን?

የሄርማታ ልጅ
አየሩን ቀንስ።

ጡረተኛው ሹፌር
አትስማው ልጄ። መጀመሪያ ማርሹን እይ።